ዜሮ ብር የተጻፈበት መንገድ

የቤታችን በር ጠዋት ጠዋት መዳፌን ያነብና፣ «እንደምን አደሩ አቶ ኪሩቤል፤ ዛሬ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥር ነዎት» ይለኛል። ከዚያ ይከፈታል። ባለቤቴን ሶልያናን «ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ» ሲላት፣ «ሂድ ወዲያ!» ብላው ትወጣለች። በአርባ ስምንት ዓመት ትዳር እኔ እሷን የበለጥኋት በዚህ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚለው በሩ ነው።

ልጅ ሳለሁ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» ይባባል ነበር። አሁን በ2083 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ የምትሰሙት «ዛሬ ስንት ነህ?» የሚለውን ነው፤ አክሲዮንህ ዛሬ ስንት ብር ያወጣል ማለት ነው። ጨው ስትገዙ መልሱ እጃችሁ ላይ አይመለስም፤ አክሲዮን ይሆናል። የአንድ ስሚንቶ ፋብሪካ ወይም የአንድ ዶሮ ርባታ ስባሪ የናንተ ሆነ ማለት ነው። እኔ አንድ ቀን ፀጉሬን ተቆርጬ ስወጣ የመርከብ ባለድርሻ ሆኛለሁ። መርከብ አይቼ አላውቅም።

ጎረቤታችን ናሆም መዳፉ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ሰውየው እንኳ ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይስቃል። የሞተው መዳፉ ነው። ድርሻ ያለበትን የአንድ ቆዳ ፋብሪካ ሂሳብ አይቶ በመዳፉ እንዲያጸድቅ ዕጣ ወጣበት፤ ሳያይ እጁን አስቀምጦ «ልክ ነው» አለ፤ ልክ ሳይሆን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሱቅም አያውቀው፣ አውቶቡስም አያውቀው፣ የገዛ ቤቱ በር እንኳ አያውቀው። ጠዋት ከወጣ ልጁ ከሥራ እስክትመለስ ደጁ ላይ ካለችው ድንጋይ ይቀመጣል። እኛም ስናልፍ «እንደምን ዋልክ» እንለዋለን። እሱን ስንት ነህ ማለት ነውር ነው።

ይህን ያስቀደምሁት የፈራሁትን እንድታውቁልኝ ነው፣ ልጆቼ።

በጥቅምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩ ቁጥሬን ተናገረና ሳይከፈት ቀረ።

«አቶ ኪሩቤል፣ ዕጣ ወጥቶብዎታል» አለ። «የቀይ አፋፍ ማዕድን አክሲዮን ማኅበር። ሂሳቡ ቀይ ነው። ሦስት ቀን አለዎት።»

ሶልያና ከኋላዬ ሆና ሰማች። «የማንን ሂሳብ አለ?»

«ቀይ አፋፍ።»

«አበስኩ ገበርኩ» ብላ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

እኔ ጎሚስታ ነበርሁ። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ አርባ ዓመት ጎማ ነቅያለሁ፣ ለጥፌያለሁ፣ ነፍቻለሁ። እድራችንም የጋራዥ ሰፈር እድር ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት። ከሦስት ዓመት በፊት በስብሰባ መሀል ተነሥቼ፣ «ገንዘባችን ተኝቶ ከሚያረጅ ቀይ አፋፍ እናስገባው፤ የባትሪ ድንጋይ አግኝተዋል አሉ» ያልሁ እኔ ነኝ። ሰውም አመነኝና ሙሉውን አስገባን። የሳጥኑን፣ የድንኳኑን፣ የቀባሪውን ምሳ፣ ሁሉንም። ቀይ ሂሳብ በሦስት ቀን ካልጠራ ማኅበሩ በራሱ ይዘጋል፤ ያለውን ገንዘብ መጀመሪያ ትልልቆቹ ይወስዳሉ። እድር ጅራት ላይ ነው። ጅራት ላይ የሚደርስ ደግሞ የለም።

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ ጎማ ነው የነፋኸው» አለችኝ ሶልያና ቦርሳዬን እያዘጋጀች። «ያን ቀን ግን ሰውን ሁሉ ነፋኸው።»

እውነቷን ነው።

ሹፌር የሌለው ሚኒባስ እስከ ደጋው ጫፍ ወሰደኝ፤ ከዚያ የማኅበሩ መኪና ወደ ዓባይ ቆላ ይዞኝ ወረደ። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት። ወገቤን ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ፤ የቆላ መንገድ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ለስንት ዓመት እንጀራ የበላሁበት ነው። መኪናዋ ግን ሳታንገጫግጨኝ ወረደች። አንድ ጊዜ እንኳ አልዘለለችም። ስወርድ ልማዴ ነውና ጎንበስ ብዬ ጎማዋን አየሁት። ሁለት ዓመት የሠራ ጎማ፣ ጥርሱ አልተበላም፣ ጎኑ አልተቀደደም። ነገሩን በልቤ ያዝሁት።

የማኅበሩ ቢሮ ኮንቴይነር ነው። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ውዳላት ትባላለች፤ አርባ ዓመት አይሞላትም፤ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ወንበር ሰጠችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። የሂሳብ መርማሪው ማሽን ግድግዳው ውስጥ ነው። ድምፁ የሴትም የወንድም አይደል፤ የተቆጣም ያዘነም አይመስል።

«ዘጠኝ ጉድጓድ ተፈቅዷል» አለ። «አሥራ ሁለት ተቆፍሯል። ሦስቱ ከወሰን ውጪ ናቸው። ወጪ አራት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብር። ዓላማ አልተመዘገበም። የወጣ ማዕድን የለም። ከባለድርሻ ገንዘብ ተወስዷል። የቀረው ጊዜ ስድሳ አንድ ሰዓት።»

«ልጄ» አልኋት፣ «ሦስቱ ጉድጓዶች ምንድን ናቸው?»

«ተቆፍረዋል፣ አባባ።»

«መቆፈራቸውንማ ሰማሁ። ለምን ተቆፈሩ?»

ጣቶቿን እያየች፣ «አልሰረቅሁም» አለች።

«ሌባም እኮ የሚለው ይህንኑ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን የሰው ቃል አለብኝ። ከፈለጉ ይዝጉት።»

«እኔ ብዘጋው ቀባሪ ያጣ ሬሳ ነው የማተርፈው!» ብዬ ጮህሁባት። ከጮህሁ በኋላ አፈርሁ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሌባ ስታፈጡበት ይሳደባል እንጂ እንዲህ አይሆንም።

እንግዲህ እኔ ሂሳብ አዋቂ አይደለሁም። የማውቀው የእድር ምርመራ ነው። በእድር ሂሳብ ሲመረመር ከገንዘቡ አይጀመርም፤ ከዕቃ ቤቱ ይጀመራል። አግዳሚ ወንበሩ ስንት ነው፣ ብረት ድስቱ ስንት ነው፣ ድንኳኑ የት ላይ ተቀዷል። ያለውን ዕቃ በእጅህ ዳስሰህ ስትጨርስ ነው ወደ መዝገቡ የምትሄደው። ስለዚህ ግድግዳውን፣ «ያላችሁን ዕቃ ሁሉ ከነዋጋው አንብብልኝ» አልሁት።

ያነብ ጀመር። መቆፈሪያ ማሽን ይህን ያህል ብር። የመቆፈሪያ ጥርስ ይህን ያህል። ነዳጅ፣ ጓንት፣ ሳሙና፣ ሁለት ጄኔሬተር። ሙቀቱ ከኮንቴይነሩ ጣሪያ ላይ ይወርዳል፣ እኔም ሊያንጎላጀኝ ነው።

«መንገድ፣ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ዜሮ ብር» አለ።

ነቃሁ። «ይህችን ድገማት።»

«መንገድ፣ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ዜሮ ብር።»

«ይሄስ ቀይ አይደለም?»

«ዜሮ ወጪ ጥያቄ አያስነሣም» አለ መርማሪው።

ወደ ውዳላት ዞርሁ። ፊቷ ተለዋውጧል። ልጆቼ፣ ማሽን የወጣውን ይጠይቃል እንጂ ሳይወጣ የመጣውን አይጠይቅም። ጎሚስታ ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ መንገድ ብቻውን ጥሩ አይሆንም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መኪናውን ትቼ በእግሬ ወጣሁ። መንገዱን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ድንጋዩ በማሽን የተደፋ አይደለም። እያንዳንዱ በእጅ ተመርጦ፣ ሹሉ ወደ መሬት፣ ጠፍጣፋው ወደ ላይ ሆኖ ተደርድሯል። ዳርና ዳሩ ቦይ አለው፤ ቦዩ ተጠርጓል። ጥቂት እንደሄድሁ አንድ ሽማግሌ ቦዩ ውስጥ ቆመው ደለል በአካፋ ሲያወጡ አገኘሁ። በዕድሜ እኩያዬ ቢሆኑ ነው፤ ጉልበታቸው ግን ከኔ ልጅ ይበልጣል።

«እንደምን አደሩ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። መንገደኛ ነዎት?»

«መርማሪ ነኝ። ዕጣ የወጣብኝ።»

አካፋውን ተደግፈው ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «መርማሪ በእግሩ ሲሄድ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። አያ ስማቸው ይባላሉ።

«አያ ስማቸው፣ ይህን መንገድ ማን ሠራው?»

«እኛ።»

«ስንት ከፈሏችሁ?»

ፊታቸው ጠቆረ። «ምን ሊከፍሉን? ቀን ሠራተኛ እንመስላለን? ወንፈል ነው።»

አያችሁ፣ እናንተ የከተማ ልጆች ወንፈልን በስም ብቻ ነው የምታውቁት። ዛሬ ያንተን ማሳ አርምልሃለሁ፣ ነገ አንተ የኔን ታርምልኛለህ። ጉልበት በጉልበት ነው፤ ገንዘብ መሀል አይገባም።

«እናንተ መንገድ ከሠራችሁላቸው፣ እነሱስ ምን አደረጉላችሁ?» አልሁ፤ ልቤ ግን አስቀድሞ አውቆታል።

«ይምጡ» አሉኝ።

ከመንገዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ገባ ብሎ፣ ከዋርካ ሥር፣ የብረት ቧንቧ ቆሟል። ሴቶች ተሰልፈው ውኃ ይቀዳሉ። ከዚህ በፊት ለአንድ እንስራ ዓባይ ድረስ ወርደው የሦስት ሰዓት አቀበት ይወጡ ነበር። አንደኛዋ፣ እትዬ ይርገዱ ይባላሉ፣ በጣሳ አጠጡኝ። ሁለተኛው ጉድጓድ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው፤ ሦስተኛው ከመስጊዱ በታች። ሦስቱም ዘንድ ሄድሁ፣ ከሦስቱም ጠጣሁ። ሆዴ እንደ ጄሪካን እስኪንቦጫቦጭ ድረስ ጠጣሁ። አራት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብሩ ይኸው፣ በቧንቧ ይወርዳል።

ተመልሼ ዋርካው ሥር ራሴን ይዤ ተቀመጥሁ።

«ምነው፣ ውኃው አልተስማማዎትም?» አሉ እትዬ ይርገዱ።

«ኧረ ተስማምቶኛል፣ እታለም። እንደዚህ የተስማማኝ ነገር የለም።»

«ታዲያ ለምን አትጽፉትም?» አልሁ ወደ አያ ስማቸው ዞሬ። «ልጅቷን በሌብነት ሊያስሯት ነው እኮ!»

«እንዳትጽፍ ያስማልናት እኛ ነን» አሉ። «ወንፈል ተጽፎ አያውቅም። የተጻፈ ነገር ብድር ይሆናል። ብድር ይከፈልና ይዘጋል። ከተዘጋ ደግሞ ከርሞ በምን ዓይን እንገናኛለን?»

አስቡት እንግዲህ። የሰው ገንዘብ የያዘች ሴት የሰው ክብር ለመጠበቅ ብላ ዝም አለች፤ ዝም በማለቷ ሌባ ሆነች። ወደ ቢሮዋ ስመለስ ግን አላሞካሸኋትም።

«ልጄ፣ ቃልሽ ጥሩ ነው» አልኋት። «ግን ገንዘቡ ያንቺ ብቻ አይደለም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ሬሳውን ያንቺ ኪስ ውስጥ አስቀምጧል። ለሱም ቃል ነበረብሽ።»

«ልክ ነዎት» አለች። «መንገዱን በኮንትራት ብናሠራው ዘጠኝ ሚሊዮን ይፈጅ ነበር። ያተረፍሁላችሁ መስሎኝ ነበር።»

«አትርፈሻል። መናገሩን ነው የረሳሽው።»

ዓርብ ጎህ ሲቀድ አያ ስማቸው፣ እትዬ ይርገዱና የመስጊዱ ሰፈር ሰው ሼህ ኑርዬ ከኮንቴይነሩ ገቡ። ለማሳመን ሁለት ሙሉ ምሽት ፈጅቶብኛል። ያሳመንኋቸው በእድር ነው። «እኛም ቀብር የመጣውን ሰው በመዝገብ እንጽፋለን» አልኋቸው፤ «ስሙን ብቻ። እንባው ስንት ብር እንደሆነ አንጽፍም።»

መርማሪውም ነገሩን ሰማ። «የዓይነት ልውውጥ ይፈቀዳል» አለ። «የሌላው ወገን ሦስት መዳፍ ያስፈልጋል። የቀረው ጊዜ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ።»

አያ ስማቸው መዳፋቸውን ከግድግዳው መስታወት ላይ አኖሩ።

«መዳፍ አልተገኘም» አለ ግድግዳው።

«ይሄ ታዲያ ምንድነው? እግር ነው?» አሉ አያ ስማቸው።

እትዬ ይርገዱ አኖሩ። አልተገኘም። ሼህ ኑርዬም እንዲሁ። ድንጋይና አካፋ የእጃቸውን መስመር በልቶታል፤ መዳፋቸው እንደ አሮጌ ጎማ ልሟል። ውዳላት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

እኔ ግን ሳቄ መጣ። ጎሚስታ ሳለሁ የኔም እጅ እንዲሁ ነበር፤ ባንክ በሄድሁ ቁጥር ማሽኑ አያውቀኝም። «ሙቅ ውኃ አምጡ» አልሁ፣ «የኑግ ዘይትም።» ውዳላት ጎድጓዳ ሳህን አቀረበች። ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን ነክረው ተቀመጡ።

«በስተርጅና ሙሽራ ሊያደርጉን ነው» አሉ እትዬ ይርገዱ።

«እርስዎንስ የሚያገባ አይጠፋም» አሉ ሼህ ኑርዬ፤ «እኛን ነው የሚጨንቀን።»

ሃያ ደቂቃ ነክረን፣ በዘይት አሸን፣ በጨርቅ አደረቅን። አንድ በአንድ አኖሩ። ተገኘ። ተገኘ። ተገኘ።

«ልውውጡ እኩል ነው?» አለ መርማሪው።

«እኩልማ አይደለም» አሉ አያ ስማቸው ፈጥነው። «ብድሩ ያለብን እኛ ነን። ውኃ ሰጥተውናል፤ ድንጋይ ብንደረድር ምን ይሆናል?»

«የለም፣ ያለብን እኛ ነን!» አለች ውዳላት። «ያለ መንገዱ አንድ ጭነት አናወጣም ነበር።»

«ሁለቱም ወገን ባለዕዳ ነኝ ይላል» አለ ግድግዳው። «ሂሳቡ አይዘጋም። እኩል ይበሉ።»

«እኩል ካልንማ ተለያየን» አሉ አያ ስማቸው። «አልልም።»

«አያ ስማቸው፣ ለዛሬ እንኳ...» አልሁ።

«አልልም ብያለሁ፣ ወንድሜ።»

አርባ ደቂቃ ቀርቷል። የእድራችንን መዝገብ አሰብሁ፤ በየዓመቱ መጨረሻ የምንጽፋትን አንዲት መስመር።

«ስማኝ» አልሁት ግድግዳውን። «የዓመቱ ሂሳብ ሳያልቅ ሲቀር ምን ትላለህ?»

«ወደሚቀጥለው ዓመት ይዞራል።»

«ከርሞስ ባያልቅ?»

«እንደገና ይዞራል።»

«ስንት ጊዜ?»

«ገደብ የለውም።»

ወደ አያ ስማቸው ዞርሁ። ሽማግሌው አገጫቸውን እያሹ አሰቡ፣ ከዚያ ፊታቸው በራ። «ይህን ቀድሞ አይናገርም ነበር? ይዙር!» አሉ። «ወንፈልም ሌላ አይደለም።»

የቀረው የኔ መዳፍ ነበር። መስታወቱ ፊት ስቆም የናሆም ድንጋይ ትዝ አለችኝ። ግን እኔ ሦስቱንም ጉድጓድ አይቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፤ በመንገዱ ላይ በእግሬ ሄጃለሁ። አስቀመጥሁት። መስታወቱ ቀዝቃዛ ነው። በላዩ የነበረው የሂሳቡ ቀይ መስመር ደበዘዘ፣ ጠፋም። ውዳላት ኮንቴይነሩ ወለል ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ አለቀሰች፤ እትዬ ይርገዱ በዘይት እጃቸው ራሷን ዳበሷት።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አንድ ሰው እንኳ ስንት ነህ አላለኝም፤ ሁሉም አፌን ያያል። ቆሜ፣ «ገንዘባችን አለ» አልሁ። ከዚያ ከኋላ አንዷ እልል አለች፣ ሰውም ተንጫጫ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ጉድጓዱን፣ ሳህኑን፣ ይዙሩን። ጨርሼ ልቀመጥ ስል ሶልያና ከሴቶቹ መሀል ተነሣች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ማዕድኑ በዚያ መንገድ ነው የሚወጣው። ትርፉን የምንበላው እኛ ነን። ታዲያ የኛ ተራ መቼ ነው?»

ስለዚህ በኅዳር፣ ክረምቱ የሸረሸረውን ዳርና ቦይ ልንጠግን፣ አርባ ሦስት ሆነን ወረድን፤ መካኒኩም፣ ቀለም ቀቢውም፣ ሶልያናም። ናሆምም መጣ፤ ድንጋይ መዳፍ አይጠይቅም። አያ ስማቸው ድንጋይ አደራደሬን አይተው፣ «ሹሉን ወደ ታች፣ አንተ ከተሜ!» እያሉ አራት ቀን ሙሉ ሲሰድቡኝ ሰነበቱ። በመጨረሻው ቀን ናሆም ከልቡ ሲስቅ ሰማሁት።

ስንመለስ ፀሐይ አልጠለቀችም። ቤቴ ደረስሁና መዳፌን በሩ ላይ አኖርሁ። በሩ አልተከፈተም። እንደገና አኖርሁ።

«መዳፍ አልተገኘም» አለኝ።

የጎረቤቴን ድንጋይ አየኋት። ከዚያ እጄን ገልብጬ አየሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ውኃ የቋጠረ፣ የፈነዳ፣ አፈር የገባበት እጅ ነው።

በሩን በቡጢ ደበደብሁት፤ እንደ ድሮው።

«ማነው?» አለች ሶልያና ከውስጥ። ቀድማኝ ገብታ ነበር፤ እሷ በጓንት ስለሠራች መዳፏ ደህና ነው።

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ነህ?»

«በሩ አላውቅህም አለኝ!»

ሳቋ ከበሩ ወዲያ ተሰማኝ። «እኔ አውቅሃለሁ» አለችና ከፈተችልኝ፤ የኑግ ዘይቱን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።